የምትወዱት ተዋናይ መጽሐፍ ሊፈርም ደሴ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

መደርደሪያዬ ላይ አንድ የተፈረመ መጽሐፍ አለ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለሰሚራ፣ ከፍቅር ጋር» ይላል። እኔ ሰሚራ አይደለሁም። አሚራ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ተዋናይ ደሴ ድረስ መጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ፣ ፊቱ ስደርስ ምላሴ ተሳስሮ፣ ስሜን ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ተናግሬ፣ የጻፈውን ሳላይ መጽሐፉን አቅፌ ወጣሁ። የገለጥኩት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ሦስት ዝግጅቶች ላይ ተገኝቻለሁ። አንዱ ላይ እንዲያውም በር ላይ ቆሜ መጽሐፍ ስሸጥ ስለዋልኩ ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶም አይቼዋለሁ። ከሰውየው ጋር ያላችሁ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። ካላመናችሁ አስሉት፦ 200 ሰው ቢሰለፍና ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ቢደርሰው 100 ደቂቃ ነው፣ አንድ አንድ ደቂቃ ቢሆን ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ። ማንም ሰው እጁ እስኪዝል ሦስት ሰዓት አይፈርምም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ዝግጅት ነው።

1. ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቡት

ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ አይታችሁ ከመዝለላችሁ በፊት «ምረቃ» ነው የሚለው ወይስ «ፊርማ» የሚለውን እዩ። ምረቃ ከሆነ ግማሽ ቀናችሁን ስጡት። የመክፈቻ ንግግር አለ፣ የመጽሐፍ ዳሰሳ አለ፣ ግጥም በመሰንቆ አለ (ወሎ ነዋ፣ አምባሰል ወይ ባቲ ሳይሰማ ማን ይለቃል)፣ እስክሪብቶ የሚነሳው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ፊርማ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ መደብር ወይም ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው፣ አርፍዶ የሄደ ባዶ ወንበር ያያል።

ቀጥሎ ተዋናዩ ራሱ ደራሲ መሆኑን አረጋግጡ። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል «የክብር እንግዳ» ከተባለ መጽሐፉ የሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ «አንተ ፈርምልኝ» ማለት፣ ያውም ደራሲው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ነውር ነው። አይቻለሁ። ደራሲው ፈገግ ለማለት ሲታገል ማየት ያሳዝናል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የሚላክ ፖስተር አንዳንዴ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። «2:00» ይላል፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ለማለት ነው። በዚህ የተነሳ ጠዋት 2 ሰዓት በተቆለፈ በር ላይ ቆመው ያገኘኋቸው ልጆች ነበሩ። «ከቀኑ» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ከሌለበት ደውሉና ጠይቁ።

እንግዳው በአውሮፕላን ከመጣ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፣ ከዚያ በመኪና ወደ ደሴ ይወጣል። በመኪና ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጣርማበርን አልፎ፣ ሸዋሮቢትን፣ ከሚሴን አቋርጦ። በሁለቱም መንገድ መዘግየት ያለ ነገር ነው። 8 ሰዓት የተባለው 9 ሰዓት ተኩል ቢጀመር አትበሳጩ፣ ቀጠሮው የሀበሻ ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ነው።

2. መጽሐፉን ቀድማችሁ ግዙ፣ ግን ዋናውን

ከዝግጅቱ በፊት ገበያ ላይ ከወጣ ፒያሳ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ጠይቁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ካጣችሁት ደሴ የሚመላለስ ሰው ላኩ። አደራ የምለው በፎቶ ኮፒ የተባዛውን እንዳትገዙ ነው። ሽፋኑ ደብዘዝ ያለ፣ ፊደሉ እዚህም እዚያም የፈዘዘ፣ ስትገልጡት ሙጫው ተላቆ ገጹ እጃችሁ ላይ የሚቀር ከሆነ እሱ ነው። ደራሲው ከርቀት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ቅጂ ዘርግቶ አየሁ። ተዋናዩ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው፣ ልጁን አየው፣ ምንም ሳይል ፈረመለት። ልጁ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ እኔ ግን በእሱ ፋንታ ላብ አሰመጠኝ።

ፒዲኤፍ ያነበባችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ፊቱ ቆማችሁ «በቴሌግራም ነው ያነበብኩት፣ በጣም ደስ ይላል» አትበሉ።

አዳራሹ በር ላይ ለመግዛት ካሰባችሁ ዝርዝር ብር ያዙ። ቴሌብር አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲነካካ ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እኔ ስሸጥ ትልቁ ራስ ምታቴ መልስ ነበር።

3. አንብቡት። የምሬን ነው።

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እናንተ እሱን የምታውቁት በፊልም ወይም በተከታታይ ድራማ ነው። እሱ ግን ዛሬ የመጣው እንደ ጸሐፊ ነው። ተዋናይ ሲጽፍ በእኛ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም፦ ተስፋዬ ገሠሠ ይተውንም ያዘጋጅም ይጽፍም ነበር፣ ጌትነት እንየው ተዋናይም ጸሐፌ ተውኔትም ገጣሚም ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚያወራው ስለ ድራማው ነው። ጠረጴዛው አጠገብ በቆምኩበት ቀን ከአስሩ ዘጠኙ «እዚያ ክፍል ላይ ስትሞት አለቀስኩ» ነበር የሚለው። ሰውየው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ አንዲት አስተማሪ የምትመስል ሴት መጥታ ስለ አያቱ የጻፈውን ምዕራፍ አንስታ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር እስክሪብቶውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። በዚያ ቀን እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሙሉውን ለመጨረስ ጊዜ ከሌላችሁ 30 ገጽ አንብቡ። ልባችሁ የቆመበት ቦታ ላይ ወረቀት አጥፋችሁ አስገቡ። በቃ።

4. አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ

ንግግር አታዘጋጁ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ከኮምቦልቻ ደሴ እስክደርስ አንድ ሙሉ ንግግር አጥንቼ ነበር፣ እንዴት በቴሌቪዥን አይቼው እንዳደግኩ፣ እናቴ እንዴት እንደምትወደው፣ ምኑ ቅጡ። ፊቱ ስደርስ ከአፌ የወጣው «እኔ... ደሴ ነኝ» ነው። እሱም «ዛሬ እኔም ደሴ ነኝ» አለና ሳቀ። የኮምቦልቻ ልጅ መሆኔን እንኳ አልተናገርኩም።

ጥሩ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መልስም አያስገድድም። «አያትዎ ዳቦ ይዘው በር ላይ የቆሙበት ቦታ አባቴን አስታወሰኝ» ብትሉ ሰውየው መልስ ካለው ይመልሳል፣ ከሌለው ፈገግ ይላል፣ ሁለቱም ጥሩ ነው። መጥፎው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ለምን ያንን ድራማ ተዋችሁት?»፣ «ከእገሊት ጋር ተጣልታችኋል ይባላል፣ እውነት ነው?»፣ «ስልክህን ስጠኝ»፣ «ፊልም ላይ አስገባኝ»። የመጨረሻዋን ያለ ማጋነን አራት ሰው ሲላት ሰምቻለሁ። የራሳችሁን የግጥም ደብተር አስይዛችሁ «አንብበህ አስተያየት ስጠኝ» ማለትም እዚያው ነው። ተሸክሞት አዲስ አበባ አይገባም።

አንተ ነው የምንለው ወይስ እርስዎ? ዕድሜው ከፍ ካለ «እርስዎ»፣ ወይም በእኛው አነጋገር «አንቱ» ብትሉ ማንም አይቀየምም፣ እንዲያውም ከወሎ ልጅ አፍ ሲወጣ ይጥማል። «ጋሽ» ብሎ ስሙን መጥራት ለአብዛኞቹ አንጋፋዎች የተለመደ ነው። በዕድሜ እኩያችሁ ለሆነ «አርቲስት» ብላችሁ ስሙን ጨምሩ፣ እሱ ራሱ «አንተ በሉኝ» ካለ ያኔ አንተ ትላላችሁ። ለሴት ተዋናይትም እንደዚሁ ነው። በድራማ ስላየናት ብቻ «አንቺ» ብሎ መጀመር ደፋርነት ነው። በገጸ ባሕሪው ስም መጥራት ግን ይቅር። ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተውን ደግሞ «አንተ ጨካኝ!» ብሎ መሳደብ እንደ ቀልድ ይታሰባል፣ ለሰውየው ግን የዚያን ቀን ሃያኛው ስድብ ሊሆን ይችላል።

5. ስማችሁን ጽፋችሁ ያዙ

እኔን ሰሚራ ያደረገኝ የዚህ ደረጃ አለመኖር ነው። አዳራሹ ይጮሃል፣ ድምፅ ማጉያው ያንጫርራል፣ እናንተ ፈርታችኋል። ስለዚህ ትንሽ ወረቀት ላይ ስማችሁን በትልቁ ጻፉና መጽሐፉ ውስጥ፣ ልታስፈርሙበት ያሰባችሁት ገጽ ላይ አስገቡት። ሌላም ጥቅም አለው። የእኛ ፊደል ሞክሼ አለውና «ፀሐይ» በየትኛው ጸ፣ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው? «ኃይሉ» ነው «ሀይሉ»? «ሠናይት» ናት «ሰናይት»? «ዐሊ» ነው «አሊ»? ሰውየው እያንዳንዱን ሰው ይህን ከጠየቀ ሰልፉ እስከ መናፈሻ ይደርሳል። ወረቀቱ ካለ ያያል፣ ይጽፋል።

ለሌላ ሰው ስጦታ ከሆነም የእሱን ስም ጻፉ። ስም አልፈልግም፣ ፊርማ ብቻ ካላችሁም ወረቀቱ ላይ «ፊርማ ብቻ» ብላችሁ ጻፉት።

እስክሪብቶ የራሳችሁን ያዙ፣ ተራውን ቢክ። ወፍራም ማርከር ቀጭን ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ያልፋል። ጄል ያማረ ይጽፋል ግን ይጨማለቃል። የሚያብለጨልጭ ሽፋን ላይ ደግሞ ተራ እስክሪብቶ አይዝም፣ ቢይዝም ይለቃል፣ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ አታስፈርሙ። ምርጡ ቦታ የመጽሐፉ ስም ብቻ የተጻፈበት ገጽ ወይም ከሱ በፊት ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

6. አለባበስና ጉዞ

ኮምቦልቻ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ጃኬት ያዙ። ከቤት ስትወጡ ያለው ሙቀት አያታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትሄዱት ግን ከፍታው በመቶዎች ሜትር ይጨምራል፣ ሐረጎን ስትወጡ ብርዱ በመስኮት ይቀበላችኋል። ጉም ከወረደ ሚኒባሱ እየዳኸ ነው የሚሄደው። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ውጡ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሉት። የደሴ ዝናብ አያስጠነቅቅም።

ልብስ የፈለጋችሁትን ልበሱ። ኪስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጫማ ግን ለረጅም ሰዓት የሚያስቆም ይሁን፣ በታኮ ሁለት ሰዓት የተሰለፈች ጓደኛዬ ፎቶው ላይ ፊቷ የሚያሳየው ፍቅር ሳይሆን ሕመም ነው።

7. አዳራሽ ውስጥ

ብዙ ሰው የፊት ወንበር ላይ ይሻማል። እኔ የምመርጠው በመተላለፊያው በኩል፣ መሐል አካባቢ ያለውን ነው። የፊት ወንበር ለእንግዶች ተብሎ ሊያስነሷችሁ ይችላል፣ ደግሞ ሰልፉ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ነው። መድረክ መሪው «አሁን ወደ ፊርማው እንሄዳለን» ሲል በመተላለፊያው ያለ ሰው ቀድሞ ይነሳል። በግርግሩ ግን አትሩጡ። አንድ ዝግጅት ላይ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦት ተዋናዩ መተንፈሻ አጥቶ ተነስቶ ሄደ። ከመቶ ሰው በላይ ሳያስፈርም ተመለሰ። ስለዚህ ሰልፍ የሚያስይዝ ካጣችሁ እናንተው «በሰልፍ እንሁን» በሉ። ደሴ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «አብሽሩ፣ ሁላችንም ይደርሰናል» ካለ የሚገርም ነው፣ ይሰማሉ።

ጥያቄ የመጠየቂያ ጊዜ ከተሰጠ አንድ ጥያቄ፣ አጭር። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ማይክ የያዘ ሰው መቼም አያልቅም፣ አዳራሹም ይጠላዋል።

8. ሰልፍ ላይ

ከፊትና ከኋላችሁ ካለው ሰው ጋር ተዋወቁ። ፎቶ የሚያነሳችሁ ያ ሰው ነው፣ ቦታችሁን የሚጠብቅላችሁም። ዐስር ሰላት ደርሶ ከወጣችሁ ነግራችኋቸው ውጡ፣ በእኛ ከተማ ይሄን የማይረዳ የለም። እኔ ቦታ ጠብቄ አውቃለሁ፣ ተጠብቆልኝም ያውቃል።

ስልካችሁን እዚያው አዘጋጁ። የካሜራውን መስታወት በልብሳችሁ ጠረግ አድርጉት (ቅቤ የነካ እጅ የነካው ሌንስ ሁሉንም ሰው መልአክ ያስመስላል)፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ካሜራውን ክፈቱና ከኋላ ላለው ሰው ስጡት። «እየፈረመ እያለ ሦስት አራት አንሳልኝ» በሉት። ከተፈረመ በኋላ ቆሞ ከሚነሳው ይልቅ ሲፈርም የተነሳው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ጊዜም አይፈጅም። ራሳችሁ ሰልፊ ልነሳ ካላችሁ ያቺን ግማሽ ደቂቃ ስክሪን ስታዩ ትጨርሷታላችሁ።

ሁለት ሰው ሲቀራችሁ መጽሐፉን ወረቀቱ ያለበት ገጽ ላይ ገልጣችሁ ያዙ። አንዴ ውሃ ጎንጨት በሉ።

9. ጠረጴዛው ፊት

ሰላምታ በሉ። እጅ ካልዘረጋ አትዘርጉ፣ 150 እጅ ጨብጦ ይሆናል። ሴት ከሆነች ደግሞ እሷ ካልጀመረች ማቀፍ የለም፣ ወገብ መያዝም የለም። መጽሐፉን ወደ እሱ አዙራችሁ አስቀምጡ፣ እሱ ስማችሁን ሲያይ ዓረፍተ ነገራችሁን በሉ። ምላሳችሁ ከተሳሰረ ወረቀታችሁ ጀርባ ላይ ጽፋችሁት ይሆናል አይደል? አንብቡት። ማልቀስ ከመጣም ይምጣ፣ ያለቀሰች ሴት አይቻለሁ፣ ተዋናዩ የራሱን ሶፍት ነው የሰጣት።

ከአንድ በላይ መጽሐፍ ከያዛችሁ «ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለእህቴ ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስድስት መጽሐፍ ተሸክሞ መምጣት ግን ከኋላ ያለውን ሰው መዝረፍ ነው።

ስጦታ? ትንሽ ነገር ይሁንና ለእሱ ሳይሆን አብሮት ለሚሠራው ሰው ስጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ቦታ የለም። አንድ ሰው የሐይቅ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ትኩስ። ከዚያ በኋላ ያስፈረሙት ሁሉ መጽሐፋቸው ምን እንደሚሸት አስቡት።

ከዚያ አመስግናችሁ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ነው ያልኩት፣ ዞር በሉ።

10. ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ እንደራቃችሁ

አትክደኑት። ቀለሙ እስኪደርቅ ገልጣችሁ ያዙት። ደሴ ጉም በወረደበት ቀን እርጥበቱም አለ፣ ቶሎ አይደርቅም። ሶፍት በመሐል አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክደኑት፣ አትጫኑት። ስልካችሁን ፎቶ ካነሳችሁ ሰው ተቀበሉ፣ ይሄም ይረሳል።

እዚያው ቆማችሁ የተጻፈውን አንብቡ። ስሙ ከተሳሳተ ያኔ ነው የሚባለው፣ ሰልፉ አጠገብ ሆናችሁ «ይቅርታ፣ አንዲት ፊደል» ብትሉ ማንም አይቆጣም። መናኸሪያ ከደረሳችሁ አለቀ።

ወደ ኮምቦልቻ የምትመለሱ ከሆነ ሳይመሽ ውጡ፣ ከመሸ ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል። ከሁለተኛው ዝግጅት ስመለስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ፣ ሐረጎን ስንወርድ፣ ሾፌሩ የውስጥ መብራት ባበራ ቁጥር ገለጥ እያደረግኩ ነበር የመጣሁት። «ለአሚራ» ይላል። በትክክል።

የመጀመሪያው ግን አሁንም አለ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያላችሁ ሰሚራዎች፣ አንድ የተፈረመ መጽሐፍ አለላችሁ፣ ኑና ውሰዱት።